ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ስለ ሲቲና ቪቲ ለወጣት ባለሙያ

ልጄ፣

ተግባረ ዕድ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ካዛንቺስ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ የጥገና ክፍል ሥራ መጀመርሽን ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኛል። «ፓነል ውስጥ የማያቸው ትንንሽ ትራንስፎርመሮች፣ ሲቲና ቪቲ የሚባሉት፣ በምን ይለያያሉ?» ብለሽ መጠየቅሽ ደግሞ የበለጠ አስደስቶኛል። ሲቲ የከረንት፣ ቪቲ የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱን በመልክ ብቻ ለይቶ ሥራ ይጀምራል። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ በፕላስቲክ የታሸጉ ነገሮች ስለሆኑ ጉዳት የሚያደርሱ አይመስሉም። የቆጣሪው ንባብ፣ የጄኔሬተሩ ደኅንነት፣ የሊፍቱ መከላከያ፣ አልፎም የሠራተኛው ሕይወት ግን በእነሱ ላይ ነው።

የሩቁን ከቅርቡ ጋር አያይዘሽ እዪው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ሆለታ ይደርሳል፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ15 ኪሎ ቮልት ወደ ሰፈር ይገባል፤ በመጨረሻም 380 እና 220 ቮልት ሆኖ አንቺ የምትከፍቺው ፓነል ላይ ይቆማል። 500 ኪሎ ቮልትን በቀጥታ ነክቶ የሚለካ ቆጣሪ የለም። ሰብስቴሽን ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሲቲና ቪቲዎች መጠኑን አሳንሰው ለመለኪያው ያቀብሉታል። በሰርኪት ላይ የሚበየዱት ትንንሾቹም የሚገዙት በዚያው ሕግ ነው።

ዋናውን ነገር በቅድሚያ ልንገርሽ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ወይም የመልክ ልዩነት አይደለም። ለአንዱ ደኅንነት የሆነው ለሌላው ጥፋት ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝርልሽ ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

1. ሁለቱን ጥያቄዎች አታደባልቂ

«መብራት አለ ወይ?» የሚለው የቮልቴጅ ጥያቄ ነው። «ምን ያህል እየተጠቀምን ነው?» የሚለው የከረንት ጥያቄ ነው። በካዛንቺስ ሆቴሎችና ቢሮዎች መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ፓነል የሚያየው ቮልቴጅን ነው። ከረንት ቢያይ ኖሮ እሑድ ሌሊት ሕንጻው ባዶ ሲሆን፣ መስመሩ ሕያው እያለ፣ «መብራት ጠፍቷል» ብሎ ጄኔሬተሩን ያስነሣ ነበር። በአንጻሩ ጄኔሬተሩ ከአቅሙ በላይ መጫኑን ቮልቴጅ ብቻውን አይናገርም፤ ይህን የሚያሳውቀው ከረንት ነው።

ከዚህ ሕይወት የሚያድን ምክር ይወጣል። ክላምፕ ሜትርሽ ዜሮ ስላነበበ መስመሩ ሞቷል ብለሽ አትንኪ። ክላምፕ ሜትር ሲቲ ነው፤ የሚነግርሽ የሚሄድ ከረንት አለመኖሩን ብቻ ነው። ማንም የማይጠቀምበት መስመር 220 ቮልት ተሸክሞ ሊጠብቅሽ ይችላል። መስመር መሞቱን የምታረጋግጪው በቮልቴጅ መለኪያ ነው፤ መለኪያው ራሱ መሥራቱንም አስቀድመሽ በታወቀ ሕያው መስመር ላይ ፈትሺ፣ ከለካሽ በኋላም ድገሚው።

2. አንዱ መንገዱ ላይ፣ ሌላው ከጎን መታሰሩን እወቂ

ሲቲ ከጭነቱ ጋር በተከታታይ ይቆማል። የመጀመሪያው ጥምጥም፣ ፕራይመሪ የምንለው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ብቻ ነው፤ በቀዳዳው የሚያልፈው ኬብል ራሱ ያ አንድ ዙር ነው። ሁለተኛው ጥምጥም፣ ሰከንደሪው፣ በትንንሾቹ ላይ ሺህ ወይም ሁለት ሺህ ዙር ቀጭን ሽቦ ይሆናል። ሰከንደሪው 1,000 ዙር ካለው፣ በቀዳዳው 5 አምፔር ሲያልፍ 5 ሚሊ አምፔር ይወጣል። ምን ያህል ከረንት እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን ሲቲው አይደለም፤ ምጣዱ፣ ፓምፑ ወይም ሊፍቱ ነው። ሲቲው የመጣውን ሁሉ ለመቀበል የተገደደ ነው።

ቪቲ፣ አንዳንዶች ፒቲ የሚሉት፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል በትይዩ ይታሰራል። ፕራይመሪው ብዙ ዙር ያለው ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ከመስመሩ የሚወስደው ከረንት እጅግ ጥቂት ነው። በላዩ ላይ የሚያርፈውን ቮልቴጅ የሚወስነው መስመሩ ነው።

የውስጣቸው ኑሮም የተለያየ ነው። የቪቲ ኮር ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው የማግኔት ፍሰት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ በዓለም አቀፉ የአይኢሲ ደረጃም ለልኬት የሚሠራ ቪቲ ትክክለኛነቱ የሚጠየቀው ከተመደበለት ቮልቴጅ 80 እስከ 120 በመቶ ባለው ክልል ነው። ሲቲ ግን ሌሊት ከሚበራ አንድ አምፖል ጀምሮ ሞተር ሲነሣ እስከሚጎርፈው ከረንት ድረስ መታመን አለበት። ሲቲ ለመምረጥ ከቪቲ ይልቅ ብዙ ማሰብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

3. የሲቲን ሰከንደሪ ክፍት አትተዪ፤ የቪቲን ሰከንደሪ ሾርት አታድርጊ

ሌላው ሁሉ ቢጠፋሽ ይህ አይጥፋሽ።

ሲቲ በሚሠራበት ጊዜ በሰከንደሪው የሚሄደው ከረንት የፕራይመሪውን ማግኔት ይመክታል፤ ስለዚህ በኮሩ ውስጥ የሚቀረው ፍሰት ትንሽ ነው። ጭነቱ እየሠራ ሰከንደሪውን ብትፈቺው መካቹ ይጠፋል። የፕራይመሪው ከረንት ግን አይቀንስም፤ ጭነቱ ነውና የሚያዘው። ከረንቱ ሁሉ ኮሩን ወደ ማግኔትነት ይለውጠዋል፤ ኮሩ ይሞላል፤ ፍሰቱ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ በተከፈቱት ጫፎች መካከል ሹል ሹል የሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በትልልቅ የፓነል ሲቲዎች ላይ ይህ ቮልቴጅ ሰው የሚገድልና ኢንሱሌሽን የሚበሳ ነው። በትንንሾቹ ላይ ዝቅ ይላል፤ የሰርኪትሽን ቺፕ ለማቃጠል ግን ከበቂ በላይ ነው። ሲቲው ቢተርፍ እንኳ በኮሩ የቀረው ማግኔት ንባቡን ያዛባዋል።

በቪቲ ሁሉም ይገለበጣል። ሰከንደሪው ክፍት ቢሆን ምንም አይደርስበትም፤ አርፎ ይቀመጣል። ሾርት ከሆነ ግን መስመሩ ቮልቴጁን ስለማይቀንስ ከረንቱ ያሻቅባል፤ ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ከዚህ የሚከተለውን የእጅ ልማድ ያዢ። ቪቲ ፊውዝ ይደረግለታል፤ በሲቲ ሰከንደሪ ላይ ፊውዝም ሆነ ማብሪያ ማጥፊያ ፈጽሞ አይገባም፤ ፊውዙ በተቃጠለ ቅጽበት ሲቲው ክፍት ሆነ ማለት ነውና። ከሲቲ ጋር የታሰረ ቆጣሪ ወይም አምፔር ሜትር ለመቀየር ስትፈልጊ ከተቻለ ጭነቱን አጥፊ። ካልተቻለ በቅድሚያ የሲቲውን ሁለት ጫፎች በመሞከሪያ ተርሚናሉ ላይ ሾርት አድርጊ፣ ከረንቱ በዚያ መሄዱን አረጋግጪ፣ ከዚያ ብቻ መለኪያውን ፍቺ። ስትመልሺም መለኪያው መታሰሩን አይተሽ ነው ሾርቱን የምታነሺው። የሲቲ ተርሚናል ብሎኖችን ሁለት ጊዜ አጥብቂ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

4. ቪቲ ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ዕቃ እንዳያታልልሽ

ዜድኤምፒቲ101ቢ የሚባለውን ትንሽ ቪቲ በብዙ ሞጁሎች ላይ ታገኚዋለሽ። ስሙ የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ነው፤ አሠራሩ ግን ከረንትን ተከትሎ ነው። የሁለቱ ጥምጥሞች ዙር እኩል ነው፤ 2 ሚሊ አምፔር ሲገባ 2 ሚሊ አምፔር ይወጣል። ቮልቴጁን ወደ ከረንት የሚለውጠው ከፕራይመሪው በፊት በተከታታይ የሚታሰር ሬዚስተር ነው። 220 ቮልትን ለ2 ሚሊ አምፔር ብታካፍዪ 110 ኪሎ ኦም ይመጣል። ሁለት 56 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ብትቀጣጥዪ 112 ኪሎ ኦም፣ ማለትም 1.96 ሚሊ አምፔር ታገኛለሽ።

ለምን ሁለት አልኩሽ? በሬዚስተሩ ላይ የሚጠፋው ኃይል 0.44 ዋት ገደማ ነው፤ ሩብ ዋት የሚችል አንድ ሬዚስተር አይሸከመውም። ደግሞም የ220 ቮልት ጫፍ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ሁለት ሲሆኑ ቮልቴጁን ይካፈሉታል። እያንዳንዱ ግማሽ ዋት የሚችል ይሁን።

እንግዲህ ይህን ዕቃ ያለ ሬዚስተር በቀጥታ 220 ላይ ብታስሪው ወዲያው ይቃጠላል፤ በሰከንደሪው በኩል ደግሞ እንደ ሲቲ ዝቅተኛ ሬዚስተር ይፈልጋል። በሦስተኛው ምክሬ ስለ ቪቲ ያልኩት ቮልቴጅ ወደ ቮልቴጅ የሚያሳንሱትን ነው። ስለዚህ ከስሙ በፊት መግለጫውን አንብቢ፦ መጠኑ በቮልት ከተጻፈ እንደ ቪቲ ያዢው፣ በሚሊ አምፔር ከተጻፈ እንደ ሲቲ ያዢው።

5. የጭነት ሬዚስተሩን ራስሽ አስዪ

ሲቲ የሚያወጣው ከረንት ስለሆነ ማይክሮ ኮንትሮለር እንዲያነበው በሬዚስተር ላይ አልፎ ቮልቴጅ መሆን አለበት። ኤስሲቲ-013-000 የሚባለውን፣ ተከፍቶ ኬብል ላይ የሚገጥመውን ሲቲ እንውሰድ። 100 አምፔር ሲያልፍበት 50 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፤ ጫፉ 70.7 ሚሊ አምፔር ነው። መግቢያሽ 3.3 ቮልት ከሆነና መካከሉን 1.65 ላይ ካስቀመጥሽው፣ 1.65 ለ0.0707 ሲካፈል 23.3 ኦም ይሆናል። ገበያ ላይ የምታገኚው ቀጣዩ ዝቅተኛ 22 ኦም ነው፤ እሱን እሰሪ። ከዚህ ከፍ ያለ ብታስሪ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከዚያም አልፎ ኮሩ ቶሎ ይሞላል፣ ማዕዘኑም ይዛባል። ወንድሙ ኤስሲቲ-013-030 ግን ሬዚስተሩ ውስጡ አለ፤ በ30 አምፔር 1 ቮልት ይሰጣል። እዚያ ላይ ሌላ ሬዚስተር መጨመር ንባቡን ማሳነስ ነው።

በፓነል ሲቲዎች ዘንድ ደግሞ ሽቦው ራሱ ጭነት ነው። ቆጣሪው ከሲቲው 10 ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው 20 ሜትር ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይህ 0.14 ኦም ነው። ሰከንደሪው 5 አምፔር ሲሆን በሽቦው ብቻ 3.5 ቪኤ ይጠፋል፤ 1 አምፔር ሲሆን 0.14 ቪኤ ብቻ። ሲቲው የተሠራው ለ2.5 ቪኤ ከሆነ በ5 አምፔር ቆጣሪው ሳይታሰር ገና አቅሙ አልቋል። ርቀት ካለ ባለ 1 አምፔሩን ጠይቂ።

6. ትልቅ ሲቲ የተሻለ ሲቲ አይደለም

«ለማንኛውም ትልቁን እናድርግ» የሚሉሽ ይኖራሉ። እሺ አትበዪ። በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ 60 ኪሎ ዋት የሚወስድ፣ ፓወር ፋክተሩ 0.9 የሆነ ሕንጻ በየፌዙ 101 አምፔር ገደማ ይስባል። ለዚህ 150 ለ5 ተገቢ ነው። 600 ለ5 ብታስገቢለት ሌሊት 20 አምፔር ሲሆን ሲቲው ከመጠኑ 3.3 በመቶ ላይ ብቻ ይሠራል። ክላሱ 0.5 የሆነ ሲቲ በሙሉ ከረንት ግማሽ በመቶ፣ በ5 በመቶ ከረንት ደግሞ አንድ ተኩል በመቶ ብቻ እንዲሳሳት ተፈቅዶለታል፤ ከዚያ በታች የገባው ቃል የለም። እስከ 1 በመቶ ድረስ የሚታመን ከፈለግሽ 0.5ኤስ የተባለውን ምረጪ።

እጅሽ ላይ ያለው ትልቅ ሲቲ ብቻ ከሆነና ኬብሉ ከቀጠነ፣ ኬብሉን በቀዳዳው ሁለት ጊዜ አሳልፊው፤ 100 ለ5 የነበረው 50 ለ5 ሆኖ ይሠራል። ይህን ካደረግሽ በፓነሉ በር ላይ ጽፈሽ ለጥፊ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ አያውቀውምና።

ለልኬት የተሠራውንና ለመከላከያ የተሠራውንም ለዪ። የልኬቱ ሲቲ ከረንት ከመጠን ሲያልፍ ቶሎ ሞልቶ መለኪያውን ያድናል። የመከላከያው ግን በአደጋ ጊዜ መታመን አለበት፤ 5ፒ10 የተባለ ሲቲ ከመጠኑ አሥር እጥፍ ከረንት ሲያልፍበት እንኳ ስሕተቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም። የልኬቱን በመከላከያው ቦታ ማስገባት አደጋ በደረሰ ቀን ብሬከሩን እውር ማድረግ ነው።

7. አቅጣጫንና ፌዝን አጣምሪ

ሲቲ ላይ ፒ1፣ ፒ2፣ ኤስ1፣ ኤስ2 ተብሎ ይጻፋል። ከምንጩ የሚመጣው ከረንት በፒ1 በኩል ይግባ። አንድ ሲቲ ብቻ ለአምፔር ሜትር ቢሆን መገልበጡ አይታወቅም፤ ከቪቲ ወይም ከመስመሩ ቮልቴጅ ጋር ተጣምሮ ኃይል ሲሰላ ግን ምልክቱ ይዞራል። ሦስቱም ፌዝ እኩል በተጫኑበት ሕንጻ አንዱ ሲቲ ቢገለበጥ፣ ድምሩን በምልክት የሚይዝ ቆጣሪ ከእውነቱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይመዘግባል። 9,000 ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመ ሕንጻ 3,000 ሆኖ ይነበባል።

ከዚህም የከፋ አለ። የአር ፌዝን ሲቲ ከኤስ ፌዝ ቮልቴጅ ጋር፣ የኤስ ፌዝን ሲቲ ከአር ፌዝ ቮልቴጅ ጋር ብታቀያይሪያቸውና ጭነቱ እኩል ቢሆን ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ሕንጻው በሙሉ አቅሙ እየሠራ ቆጣሪው ይቆማል፤ አምፔሩም ቮልቱም በየራሱ ትክክል ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከገጠምሽ በኋላ የእያንዳንዱን ፌዝ ኃይል ለየብቻ እዪ። ሦስቱም በምልክት አዎንታዊ፣ ፓወር ፋክተራቸውም ተቀራራቢ መሆን አለበት።

8. በምጣድ ወይም በካውያ ፈትሺ

ሲቲም ቪቲም የከረንቱንና የቮልቴጁን ጊዜ ጥቂት ያዛንፋሉ። የሁለቱ መዛነፍ እኩል ካልሆነ የሚጎዳው የኃይል ልኬቱ ነው። አንድ ዲግሪ ብታዛንፊ፣ ፓወር ፋክተሩ 1 በሆነ ጭነት ላይ ስሕተቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ፓወር ፋክተሩ 0.5 በሆነ ሞተር ላይ ግን ያው አንድ ዲግሪ 3 በመቶ ስሕተት ያመጣል። ፓምፕና ሊፍት በሚበዛበት ሕንጻ ይህ በየወሩ ገንዘብ ነው።

መፈተሻው እቤትሽ አለ። የእንጀራ ምጣድ ንጹሕ ሬዚስተር ነው፤ ከረንቱና ቮልቴጁ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሲቲሽ 5 አምፔር ብቻ የሚችል ከሆነ ባለ 1,000 ዋት ካውያ ተጠቀሚ፤ 4.5 አምፔር ይወስዳል። መለኪያሽ ፓወር ፋክተሩን 1፣ ሪአክቲቭ ኃይሉን ደግሞ ዜሮ ማንበብ አለበት። ሪአክቲቩ ዜሮ ካልሆነ ማዕዘኑ ተዛንፏል፤ በፕሮግራሙ ውስጥ አስተካክዪው። መጠኑን ደግሞ ከታመነ መልቲሜትር ጋር አመሳክሪ። በሞጁሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ብሎን በግምት አታዙሪ።

9. ዲሲ ካለበት ትራንስፎርመር እንደማያይ አስታውሺ

ትራንስፎርመር የሚሠራው በሚለዋወጥ ማግኔት ነው። ዲሲ አይለዋወጥም። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በለገሃር፣ በስታዲየምና በመስቀል አደባባይ በኩል ሲያልፍ ከላዩ ያለው ሽቦ የሚሸከመው 750 ቮልት ዲሲ ነው። በዚያ ሽቦ ላይ ሲቲ ብታስሪ ስንት መቶ አምፔር ቢያልፍ ንባቡ አይነግርሽም። ለእንዲህ ያለው፣ እንዲሁም ለሶላር ፓነልና ለባትሪ መስመር፣ ሆል ሴንሰር ወይም ሻንት ነው የሚያስፈልገው።

ዲሲ በተደበቀ መልክም ይመጣል። አንዳንድ የፀጉር ማድረቂያዎች በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ሲሆኑ የሞገዱን ግማሽ በዳዮድ ይቆርጣሉ። የቀረው ግማሽ ሞገድ በውስጡ ዲሲ አለው፤ የተራውን ሲቲ ኮር ይሞላውና ንባቡን ያሳንሰዋል። የውበት ሳሎን ባለበት ሕንጻ ቅርንጫፍ ቆጣሪ ስትገጥሚ ዲሲ የሚቋቋም ሲቲ ያለውን ጠይቂ።

ሰውን የሚጠብቀው የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከርም ውስጡ ያለው ሲቲ ነው። ፌዝና ኒውትራል በአንድ ኮር ውስጥ አብረው ያልፋሉ፤ የሄደው ካልተመለሰ፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ ወይም ሲሞላ ይቆርጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ በየሕንጻው ምድር ቤት ኤሌክትሪክ መኪና መሙያ እየተተከለ ነው። መሙያው ውስጥ ብልሽት ቢኖር ወደ ኧርዝ የሚያመልጠው ዲሲ ተራውን ብሬከር ሊያሳውረው ይችላል። ስለዚህ መሙያው ከ6 ሚሊ አምፔር በላይ ዲሲ ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ እንዳለው፣ ከሌለውም ታይፕ ቢ የተባለው ብሬከር መገጠሙን ሳታረጋግጪ ፊርማሽን አታስቀምጪ።

10. የከተማሽን ከፍታ በሂሳብ አስገቢ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ያነሰ ነው፣ ሙቀትም ያን ያህል አይወስድም። የአይኢሲ 60664 የአየር ክፍተት ሠንጠረዥ የተሠራው እስከ 2,000 ሜትር ላሉ ቦታዎች ነው፤ ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 መባዛት አለበት። እኛ በመካከል ስለሆንን የላይኛውን ያዢ። በፓነል ውስጥ ለ220 ቮልት የሚጠየቀው የተጠናከረ ክፍተት 5.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለካዛንቺስ 6.3 አድርጊው። ለሲቲና ቪቲ በወጣው አይኢሲ 61869 ደግሞ መደበኛው ከፍታ 1,000 ሜትር ነው፤ ለ15 ኪሎ ቮልት ዕቃ ስታዝዢ ከፍታውን በትዕዛዙ ላይ ጻፊ።

ስለ ክፍተት ይህን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው፤ ትንንሽ ሲቲና ቪቲን የምንመርጥበት ታላቁ ምክንያት መስመሩን ከሰርኪቱ ስለሚለዩልን ነው። በሻንት ወይም በሬዚስተር ብቻ የሚለካ ርካሽ ሞጁል ይህ መለያ የለውም፤ ሰርኪቱ በሙሉ ከመስመሩ ጋር ሕያው ነው። እንዲህ ያለውን ሞጁል በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ራስን ለኮረንቲ መስጠት ነው። ተከፋቹን ሲቲም በተላጠ ሽቦ ወይም በባዶ ባስ ባር ላይ አትግጠሚ፤ የተሠራው ኢንሱሌሽን ላለው ኬብል ነው። የፓነል ሲቲና ቪቲ ሰከንደሪ አንድ ጫፉ፣ በአንድ ቦታ ብቻ፣ ከኧርዝ ጋር ይታሰር።

11. የሌላውን ማኅተም አትንኪ

በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን በኋላ ኮርፖሬሽን ሆኖ፣ በ2006 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተከፍሏል። ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ይለዋል። ሒሳብ የሚከፈልበት ቆጣሪና የእሱ ሲቲዎች የአገልግሎቱ ናቸው፤ ማኅተም አላቸው። ስሕተት ብታዪ እንኳ አትክፈቺው፤ በጽሑፍ አሳውቂ። አንቺ የምትቆጣጠሪው ከዚያ ወዲህ ያለውን የሕንጻውን ቅርንጫፍ መለኪያ ነው። እዚያም ላይ ታማኝ ሁኚ። የተገለበጠ ሲቲ ባለቤቱን ሲጠቅመው ዝም በዪ የሚልሽ ቢመጣ፣ ነገ ያው ዝምታ ተከራዩን እንደሚያስዘርፍ ንገሪው። ምድር ቤት ቡና የምታፈላ ሴት ያልተጠቀመችበትን መክፈል የለባትም፤ ላይኛው ፎቅ ያለ ድርጅትም የተጠቀመውን መክፈል አለበት።

12. ከመንካትሽ በፊት ጻፊ

ፓነል ስትከፍቺ የሲቲውን ሬሾ፣ ክላስ፣ ቪኤ፣ የገመዱን ቀለምና ቁጥር በደብተር መዝግቢ፤ ፎቶ አንሺ። ካገጣጠምሽ በኋላ የለካሽውን ከቀኑ ጋር ጻፊ። በ2017 ዓ.ም. ነባሩ ካዛንቺስ ተነሥቶ ሰፈሩ በአዲስ መልክ እየተሠራ ነው። አሁን የሚገጠመው ፓነል ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ዛሬ በጥድፊያ የተገለበጠ ሽቦ ያንን ሁሉ ዓመት ይዋሻል። የማታውቂውንም ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ፤ አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለኛ ሙያ በትክክል ይሠራል።

ልጄ፣ ልኬት አደራ ነው። ቁጥሩን የሚያነበው ሰው ፓነሉን አይከፍትም፤ አንቺን አምኖ ይከፍላል፣ አንቺን አምኖ ሊፍት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የትኛውንም ትንሽ ትራንስፎርመር ከመንካትሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ይህ ሲቲ ነው ወይስ ቪቲ? ሰከንደሪው አሁን ምን ላይ ታስሯል? ብፈታው የሚከተለው ምንድን ነው? ሦስቱንም ካልመለስሽ እጅሽን ሰብስቢ።